ለአያቴ አማች ያመጣሁላት ቀን

በእኛ ሰፈር ከውጭ የመጣን ሰው እንደ እኔ የሚይዝ የለም። ጉራ አይደለም፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ከከተማ የሚመጣ ሁሉ፣ ነርስ ይሁን የቧንቧ ሠራተኛ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፤ ከሱቁ በረንዳ አልጠፋማ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ቢሆንም እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። የእኛን ዝምድና ደግሞ፣ ማን ለማን ምን እንደሆነ፣ አብጠርጥሬ አውቃለሁ። አያቴን ሜቪስንም የምንከባከባት እኔ ነኝ። እኔ ባልኖር ምን ይውጣት ነበር እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ፣ ጮክ ብዬ።

አያቴ ይህን ስትሰማ «ሌቲሻ፣ ውሃ አምጪ» ትላለች። እኔም «መጣሁ!» እላለሁ። ከዚያ የጀመርኩትን ዘፈን ሰምቼ ስጨርስ ውሃው በራሱ ጊዜ መጥቶ አገኘዋለሁ።

ባለፈው የብርድ ወራት ግሌን የሚባል ሰው ይመጣል ተባለ። ሥራው ሽማግሌና አሮጊት እየዞሩ መጠየቅ ነው። ቤታቸው ሆነው ምን እንደጎደላቸው ያያል፤ ከዚያ ማገዶ ወይ ምሳ ወይ ልብስ የሚያጥብ ሰው ይታዘዝላቸዋል። «ይቺ ሴትዮ ብቻዋን መኖር አትችልም» ብሎ ከጻፈ ግን ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ማረፊያ ትወሰዳለች። ከተማው በመኪና ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ከምዕራቡ ሰፈር አንድ አባት፣ ስማቸውን አሁን አልጠራውም፣ እንደዚያ ተወስደው ነበር። ነጭ ግድግዳ ሲያዩ ከርመው በሣጥን ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አያቴ ፊት የከተማ ወሬ ከተነሣ እሷም ትነሣና ትሄዳለች።

እኔ ግን አልፈራሁም። እኔ እያለሁ ምን ይፈራል? እንዲያውም ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። በሌላ ሰፈር ለአንዲት አሮጊት ባለባትሪ ወንበር እንደተሰጣት ሰምቻለሁ። ለአያቴ ቢሰጣት እሷ መቼም አትቀመጥበትም። ወንበሩ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር እኔ እስከ ሱቅ እነዳዋለሁ።

ግሌን ሱቁ በር ላይ መኪናውን ሲያቆም እግሬን ዘርግቼ ድንች ጥብስ እበላ ነበር። ወፈር ያለ፣ ፊቱ ፀሐይ የጠበሰው፣ ባርኔጣው አዲስ የሆነ፣ ከሥሩም አንድ ፀጉር የማይታይ ሰው ነው። ዝንቦቹ ገና ሲያዩት ወደዱት።

«የሜቪስን ቤት ታውቂያለሽ?»

«አንተ ማን ነህ?»

«ግሌን።»

«እሱማ የከተማ ስምህ ነው። እዚህ ማን ነህ? የማን ወንድም? የማን አጎት? ማንም ካልሆንክ ማን ያናግርሃል?»

ሰውየው ግራ ገባው። ያልኩት ግን እውነት ነው። እኛ ዘንድ የሰነበተ እንግዳ የዝምድና ስም ይሰጠዋል። ስሙን ከያዘ በኋላ የአንዱ ወንድም፣ የሌላው ልጅ ይሆናል፤ ሁሉም ሰው እንዴት እንደሚያናግረው ያውቃል። ስም የሚሰጡት ትልልቆቹ ናቸው። እነሱ ግን በጥድፊያ አይሠሩም፤ እኔ ደግሞ የድንች ጥብሴ እያለቀ ነበር።

አሰብኩ። ወንድሜ ላድርገው? ወንድሞች ከመውሰድ በቀር መስጠት አያውቁም። አጎት? እሱ ሞልቶኛል። አባት! እናቴና አባቴ ሩቅ አገር የከብት እርባታ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ የሚመጡት ለእግር ኳሱ ሰሞን ብቻ ነው። ስለዚህ የአባት ቦታ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው ማለት ነው።

«ጃፓናንካ ነህ» አልኩት። «የአባቴ የዝምድና ስም ነው። ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ነህ።»

ግሌን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ትልቅ ክብር ነው የሰጠሽኝ።»

«ምንም አይደል። አባት ግን ልጁን አያስርብም።»

ትኩስ የሥጋ ኬክና ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዛልኝ። አባቴን በጣም ወደድኩት።

መኪናው ውስጥ አያቴን ማን እንደሚረዳት ጠየቀኝ። አፌ ሙሉ ነበር፤ ቢሆንም ዝም አላልኩም። «እኔ ነኛ! የማበስለው እኔ፣ ማገዶ የምፈልጠው እኔ፣ ደግፌ የማስነሣት እኔ። እኔ ከሌለሁ እህል አትቀምስም፤ እንደተቀመጠች ትውላለች። አንድ ወንበር ቢኖራት፣ ባትሪ ያለው...»

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አሥራ አምስት።»

ግሌን ግንባሩን ቋጠረ። ያዘነልኝ መስሎኝ ሁለት ዓይነት ወንበር ሁሉ ማማረጥ ጀምሬ ነበር።

አያቴ እንደ ወትሮዋ ውጭ ናት። ቤት አላት፤ ቤቱ ውስጥ ግን የሚያድሩት ሻንጣዎችና የእኔ ጫማዎች ናቸው። እሷ ነፋስ የሚከልል ቆርቆሮ አቁማ፣ እሳት አንድዳ፣ ፍራሽዋን ዘርግታ ከውሾቿ ጋር ትተኛለች። ስንደርስ የካንጋሩ ጭራ ረመጥ ውስጥ እያገላበጠች ነበር። ከውሾቹ ሁሉ የምትወደው ቢስኩት፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠው፣ ጉልበቷን ተደግፎ የሚጠበሰውን ጭራ ይጠብቃል።

«አያቴ!» ብዬ ጮኽኩ፤ የምሥራች ነው እንግዲህ። «ጃፓናንካ መጥቶልሻል!»

እጇ ቀጥ አለ። ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። ብርድ ልብሷን ከትከሻዋ አንሥታ እስከ ራሷ ተከናነበች፣ በተቀመጠችበት ዞረች፣ ፊቷን ለቆርቆሮው ሰጠች።

በርዷት ይሆናል አልኩ።

ግሌን ፊት ለፊቷ ሊቀመጥ ዞረ። እሷም ዞረች። እንደገና ዞረ። እሷም እንደገና ዞረች። እንደዚህ እሳቱን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞሩት። በመጨረሻ ግሌን ደከመውና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ ሜቪስ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

እኔ በእኛ ቋንቋ ነገርኳት። ዝም።

«ይህ ቦታ ምን ይባላል?»

ዝም። የተወለደችበት ቦታ ነው!

«ስሜን ያስታውሱታል?»

ብርድ ልብሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግሌን አየውና ታብሌቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። «ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣሉ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እሺ። ገላቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ? መጸዳጃስ ብቻቸውን ይሄዳሉ? ጠይቂልኝ።»

ገና «ገላሽን...» ስል አያቴ ከነብርድ ልብሷ ብድግ አለች። መጥረቢያዋን አነሣች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች በቤቱ ጓሮ አድርጋ ሄደች። ቢስኩት ተከተላት። ጭራው ረመጥ ውስጥ ቀረ።

ግሌን ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌቲሻ፣ ልጄ» አለኝ። «አያትሽ አይሰሙም፤ ወይም አይገባቸውም። ተነሥተው ይጠፋሉ፤ ያውም መጥረቢያ ይዘው። አንቺ ደግሞ ራስሽ እንዳልሽኝ ሁሉንም ብቻሽን ትሠሪያለሽ። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ትምህርት ቤት ነው መዋል ያለብሽ። እኔ እንደማየው ቀንና ሌሊት ሰው የሚጠብቃቸው ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ከተማ።»



«አይደለም! እሷ እንዲህ አይደለችም! ጠዋት እንኳ ሰድባኛለች!» አልኩት። እሱ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ያቺን ዓይነት ንቅነቃ አውቃታለሁ። ሰውዬው ሊያለቅስልሽ ይችላል፤ የሚያደርገውን ግን ከማድረግ አይመለስም። ያን ነጭ ግድግዳ አሰብኩ። አያቴ ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣ ታየችኝ፤ ውሻ የለ፣ እሳት የለ።

እየሮጥኩ ስወጣ ከአክስቴ ከዶሪን ጋር ልጋጭ ምንም አልቀረኝም። አክስቴ ዶሪን የእናቴ እህት ናት፤ ጎረቤታችን ናት፤ ለሽማግሌዎቹ ምሳ የሚበሰልበት ማእድ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። የአያቴን ምሳ ይዛ እየመጣች ነበር።

«ምነው? እሳት አየሽ እንዴ?»

«አያቴ ጃጅታለች ብሎ ሊወስዳት ነው! አታናግረውም! ፊቷን አዞረች፣ ብርድ ልብስ ተከናነበች፣ ጥላው ሄደች...»

«ማንን ነው የማታናግረው?»

«ጃፓናንካን።»

አክስቴ ቆመች። «ያ ቀዩ ሰውዬ ጃፓናንካ ነው? ማን ነው ስም የሰጠው?»

መሬት መሬቱን አየሁ።

«ሌቲሻ። አባትሽ ሲመጣ አያትሽ የት ነው የምትሆነው?»

«አንቺ ቤት።»

«ለምን?»

«ያው... እሱ እኛ ጋ ስለሚሆን...»

«ለምን?»

«አማቿ ስለሆነ አያ... ወይኔ።»

ወይኔ ብቻ ነው ያልኩት። በእኛ ወግ አማትና አማች አይተያዩም፤ ፊት ለፊት አይቀመጡም፤ ቃል አይለዋወጡም። ጠብ ኖሮ አይደለም፤ መከባበር ነው። አባቴ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ነገሩን እንደ ነፋስ ነው የማየው፤ ሲነፍስ ብቻ ነው የማስታውሰው። ግሌን አባቴ ከሆነ ደግሞ የአያቴ የልጇ ባል ነው። እኔ በገዛ አፌ ለአያቴ አማች ወለድኩላት። ወልጄም አልቀረሁ፤ ፊቷ አስቀምጬ ገላሽን ትታጠቢያለሽ ወይ አስባልኳት።

አክስቴ ዶሪን የምሳውን ሳህን መሬት አስቀመጠችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንባዋን እየጠረገች «እኔስ የእናትሽ እህት አይደለሁም? በእኛ ወግ የእህት ባል እንደ ባል ነው፤ ለእኔም እኮ ባሌ ነው ማለት ነው!» አለች። «ካመጣሽልኝ አይቀር ትንሽ ፀጉር ያለው አጥተሽ ነው?»

«አክስቴ፣ እባክሽ! ሌላ ስም እንስጠው፤ አሁኑኑ እንቀይረው!»

«ከነቴራ ነው የሚቀየረው? ጮኸሽ ተናገርሽ፣ እሷም ሰማች። አበቃ። ሂጂና ለአባትሽ ንገሪው።»

ነገርኩት። ጫማዬን እያየሁ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስሙን ለምን እንደመረጥኩለት እንኳ፣ ስለ ሥጋ ኬኩ። ግሌን መጀመሪያ ቀላ፤ ከቅድሙ የበለጠ መቅላት ይችላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ተንደርድሮ ተነሣ። «እኔ... አማቴን... እሳቱን ዞርኩባቸው እኮ!» ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ምን ላድርግ?»

«ጀርባህን ስጥ» አለችው አክስቴ። «ባልዲውን ይዘህ እዚያ ማዶ ሂድና መኪናህን እያየህ ተቀመጥ። እንደሱ ጠይቅ። የገላውንና የመጸዳጃውን ነገር ለእኔ ተውልኝ፤ እኔ ለብቻዋ ጠይቄ እነግርሃለሁ።»

ሄዶ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ አያቴ ከጓሮ መጣች፤ በክንዷ ጥቂት ፍልጥ ታቅፋለች፤ ብርድ ልብሱ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። የግሌንን ጀርባ በጨረፍታ አየች፣ ቦታዋ ተቀመጠችና እሷም ጀርባዋን ሰጠችው። አንዱ መኪና ያያል፣ አንዷ ቆርቆሮ ታያለች። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ።

ላስተረጉም አፌን ስከፍት አያቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። የቢስኩትን ግንባር እየዳበሰች፣ በእንግሊዝኛ፣ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጀመረች። በሕይወቴ ሙሉ «እንግሊዝኛ አልችልም» ስትለኝ የኖረችው አያቴ!

«ቢስኩት፣ እዚያ ላለው ሰው ደንቆሮ አይደለሁም በልልኝ። ቀኑም ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ዶሪን ወጥ ብላ የምታመጣው ውሃ ነው።»

«ሰምቻለሁ!» አለች አክስቴ።

«አልተንቀጠቀጥኩም በለው። እየሳቅኩ ነበር። ሳቁን ሊያፍን የሚሞክር ሰው ይንቀጠቀጣል።»

የግሌን ትከሻም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትንሽ አሰበና ፊቱን ሳያዞር «ቢስኩት» አለ። «እማማ ሜቪስን ጠይቅልኝ፤ ምን ያስቸግራቸዋል?»

ቢስኩት ጭራውን አየው፤ የካንጋሩውን ማለቴ ነው።

«ምንም በለው» አለች አያቴ። «ሁሉንም ራሴ እሠራለሁ። አበስላለሁ፣ እፈልጣለሁ፣ አጥባለሁ። ምንም አልፈልግም።»

አክስቴ በክርኗ ጎነጠችኝ። «ምንም ካለች ምንም አይሰጣትም» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከዚያ በሚመጣው ዓመት ወድቃ ያገኛታል፤ ያኔ የምር ይወስዳታል።»

እውነቷን ነው። አያቴ ልትቀመጥ ስትል መጀመሪያ ቆርቆሮውን፣ ቀጥሎ የቢስኩትን ጀርባ እንደምትይዝ አውቃለሁ። ስትነሣ ሁለቴ ሞክራ ነው። አውቃለሁ ግን አስቤበት አላውቅም ነበር።

«አያቴ፣ አትዋሺ» አልኩ። «ማገዶ ከሩቅ መሸከም አቅቷታል። ደረቅ እንጨት ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ጉልበቷ እዚያ አያደርሳትም። ባለፈው ሳምንት የአልጋዬን እግር ነው ያነደደችው።»

«ሁለቱን ብቻ» አለች አያቴ ለውሻው።

«ደግሞ ፍራሹ መሬት ስለሆነ ጠዋት ለመነሣት ትሠቃያለች። ወደ ቤቱ የሚያስገባውን ደረጃም ትፈራዋለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ውጭ ሆና ነው የምትበሰብሰው። ወደ እናቷ አገርም፣ ወደ ትልቁ ዐለት፣ ሄዳ አታውቅም ካለፈው ዓመት ወዲህ። የሚወስዳት የለም።»

አያቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያ እጇ ወደ ኋላ መጣና ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ፤ ጠበቅ አድርጋ፣ ሳትዞር። «ቢስኩት» አለች ቀስ ብላ፣ «ይቺ ልጅ ለካ ዓይን አላት።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። ግሌን ለመኪናው፣ አያቴ ለቆርቆሮው፣ ሁለቱም ለቢስኩት ሲያወሩ ዋሉ። አክስቴ የገላውን ጥያቄ በጆሮዋ ጠይቃ፣ ስድቡን ቀንሳ መልሱን ብቻ ለግሌን አደረሰችለት። ከተማ መሄድ ቀረ። በብርዱ ወራት በየሳምንቱ የተፈለጠ ማገዶ በመኪና ይመጣላታል፤ ለደረጃው የእጅ መደገፊያ ብረት ይበጃል፤ ውጭ የሚዘረጋ ከፍ ያለ አልጋ ይታዘዛል። ወር በገባ ቁጥር አንድ መኪና አሮጊቶቹን ሰብስቦ ወደ ዐለቱ ያደርሳቸዋል። ባለባትሪ ወንበር የሚል ነገር አልሰማሁም። እኔም አላነሣሁትም።

አያቴ የጭራውን ወፍራም ጫፍ ቆርጣ ሳህን ላይ አደረገችና ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለአማቿ እንዳደርስላት። እሱም ጀርባውን እንደሰጠ ጣቱን እየላሰ በላ። ምስጋናውንም ለቢስኩት ነገረው።

ሊሄድ ሲል ታብሌቱን አወጣ። «አንድ ነገር ቀረኝ» አለ። «ቤት ውስጥ ማን ነው የሚንከባከባቸው? ስም ያስፈልገኛል።»

ወገቤን ቀጥ አደረግሁ። ፀጉሬን ወደ ኋላ መለስኩ። ከዛሬው ሥራዬ በኋላ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ስሜን በትክክል እንዲጽፈው ፊደል በፊደል ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ቢስኩት» አለች አያቴ ከኋላዬ፣ «አንተን ይጻፍ በለው። አንተ ቢያንስ ስትጠራ ትመጣለህ።»